ሸሸሁ አይልም

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኃዘን፣
አሰላ

የናፈቅኸኝ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? አሰላም እንደኛ አገር ብርድ አያጣውም ይላሉና ጋቢህን ከትከሻህ አትለይ። አስተማሪ ሲያስነጥስ ተማሪ ይስቃል። እኛ ከሐሳብ በቀር ሌላ ሕመም የለብንም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ቆሜ ስለምጽፍ ነው፤ ሰሞኑን መቀመጫ ይቆረቁረኛል።

የምሠራልህ የጸጉር ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ ለምን ዘገየ ላልኸኝ፣ የበጉ ጸጉር አልደረሰም። እንዲህ ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ካንተ ደብቄ የት እደርሳለሁ? ጸጉሩ ያልደረሰው በጎቹ ስለሌሉ ነው። አራቱ ሄደዋል። በሽታ አይደለም፣ ጅብም አይደለም። በክረምት ስትመጣ ትተሃት የሄድኸውን ካርታ ታስታውሳለህ? ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ለመሳቂያ ያስተማርኸንን፣ ፖከር ያልኸውን? እኔ ከሣጥን ከትቼ ረስቻት ነበር። ወዳጆ ግን አልረሳትም።

አሁን በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ባለቤቴ ወዳጆ ነው። አንዱ በግና ቆዳ እየገዛ ደብረ ብርሃን የሚያወርደው ነጋዴው አፈወርቅ ነው። ሦስተኛው የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ተገኘ። ተገኘ በባቄላ ተጫውቶ በባቄላ የሚነሣ፣ የእናት ልጅ ነው። አፈወርቅ ግን ባቄላውን በግ ያደርገዋል፤ ሃያ ባቄላ አንድ በግ።

እኔ ጠላ ልቀዳ እያልሁ ከወዳጆ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። አፈወርቅ አምስቱን ካርታ ያነሣል፣ አንዴ ገልመጥ ያደርገዋል፣ ብዙውን ጊዜ ይጥለዋል። ወዳጆ ግን የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይገባል። ሁሉን! እንደ ቅዳሜ ገበያ ሰው ማንም ከማንም የማይዛመድ ካርታ ይዞ ይገባል። እስቲ በፈጠረህ፣ ሰው በየትኛው ካርታ ነው የሚገባው? የትኛውን ነው የሚተወው? እንደሚገባኝ አድርገህ ጻፍልኝ። ዳዊት የደገምሁ ሴት ነኝ፣ ይህ አያቅተኝም።

ልጄ ኮከቤ እጅ ትነሣሃለች። ሰርጓ ለጥር ፲፱ ተቆርጧል። የራቤሉ ግራዝማች መኳንንት ልጃቸውን ሲሰጡን እኛም በሽማግሌ ፊት ያለችንን በቅሎ ለኮከቤ ማጫ እንሰጣለን ብለናል። ሰውየው ቃል ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ልባቸውም ከዚያች በቅሎ ላይ ነው። እንዳትቀር።

እህትህ አስካለ ማርያም

አሰላ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለ ማርያም፣
መሐል ሜዳ

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪዎቼን «ዝም በሉ» ብዬ አነበብሁት፤ ስጨርስ ዝም ያልሁት እኔ ሆንሁ። ያቺን ካርታ ትቻት በመሄዴ ይቅር በይኝ። የረሳኋት መስሎሽ ከሆነ አልረሳኋትም፤ ለጋሼ ወዳጆ መጫወቻ ብዬ ነው የተውኋት።

የጠየቅሽኝ ነገር የጨዋታው ሥር ነው። ሰው የሚሸነፈው መጨረሻ ላይ ይመስለዋል እንጂ መጀመሪያ፣ አምስቱን ካርታ ሲያነሣ ነው። ጋሼ ወዳጆ አምስት ጊዜ ካርታ ቢሰጣቸው አራቱን መጣል አለባቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ ጥንድ ይባላል። ጥንዱ ወታደር፣ ንግሥት ወይም ንጉሥ ከሆነ ይግቡ። ከሁሉ የምትበልጠው ደግሞ ያቺ አንድ ነጥብ ብቻ ያለባት ባለአንዷ ናት፤ ድሃ ትመስላለች እንጂ ንጉሡን ታስነሣዋለች። ትንንሹን ጥንድ፣ ባለሦስቱን፣ ባለአራቱን ይተዉት። ብቻውን የመጣ ንጉሥም ይጣላል፤ ሥዕል ነው። ሦስት አንድ ዓይነት ከመጣላቸው ግን እንኳን በግ በሬም ያስይዛል፤ እሱ በወር አንዴ የማይገኝ ሲሳይ ነው።

ይህን አንብቢላቸው። ከኔ የመጣ ምክር ነው በያቸው፣ ካንቺ እንዳይመስላቸው።

ወንድምሽ መርስዔ ኃዘን

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኃዘን

ደብዳቤህም፣ ኋላ በመንገደኛ የላክሃት ቁራጭ ወረቀትም ደርሰውኛል። እግዜር ያክብርልኝ። ምክርህን እንዳዘዝኸኝ አነበብሁለት። ጆሮውን ሰጥቶ ሰማና «ልጁ ተምሯል» አለ። በእሑዱ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ባለሁለት፣ ባለአምስት፣ ባለሰባት፣ ሌላ የማላውቀው ነገርና አንድ ንጉሥ ይዞ ገባ። ኋላ «መርስዔ ብቻውን የመጣ ንጉሥ ይጣል አላለህም ወይ?» ብለው «ንጉሥ መሬት ላይ ጥሎ የሚቀመጥ የመንዝ ሰው አይተሻል?» ብሎ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። እኔም ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት።

በቁራጯ ወረቀት ላይ፣ ሲጥሉ አፋቸው ምን ይላል ላልኸኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ሲጥሉ «ሸሸሁ» ነው የሚሉት። ተገኘ እየሳቀ «ሸሸሁ» ይላል። አፈወርቅም ምን ገዶት፣ «ሸሸሁ» ይላል። ተራው ወዳጆ ጋ ሲደርስ ያ አፈወርቅ ጺሙን እያሻሸ፣

«እንግዲህ አቶ ወዳጆ፣ ይሸሻሉ ወይስ ይቆማሉ?» ይለዋል።

«እኔ?»

«እርስዎ እንጂ። እኛማ ሸሽተናል።»

«ጣሊያን በመትረየስ ያላሸሸኝን አንተ በወረቀት?» ይላል ወዳጆ። ከዚያ ባቄላውን በእፍኙ ዘግኖ ይገፋዋል። ካርታውን ደግሞ አላየውም እኮ! አንዳንዴ እንደ ተከደነ ነው የሚገባው።

«አንተ ሰው፣ ቃል ናት እኮ» ብለው፣ «ቃል ናት? ሰው የሚሞተው በምን ሆነና!» አለኝ። ሸሸሁ ያለ ባል እኔስ ወድጄ አገባ ነበር? ስሙ መጥፎ ነው። አባቱ ሲሸሽ አልታየም፣ እሱም አርበኛ ሆኖ ጫካ ለጫካ ሲዞር አምስት ዓመት አልሸሸም። በስንተኛው ዘመኑ፣ እቤቱ አጎዛ ላይ ቁጭ ብሎ ሸሸሁ ይበል?

በጎቹ አሥራ አንድ ሆነዋል። የሄዱት ማለቴ ነው።

አሁን ተነሥቼ ነበር። እሳቱን አየሁ፣ ደጁን አየሁ፣ ምንም የሚታይ የለም፤ ተመለስሁ። ዋናውን ነገር እስካሁን ያልጻፍሁት እጄ እንቢ ስላለኝ ነው። ባለፈው እሑድ አፈወርቅ፣ «አቶ ወዳጆ፣ በግ በግ እያልን ዘመን ከምንፈጅ አንድ ቀን እንቁረጥ። እኔ አሥራ አንዱንም በግ አስይዛለሁ፣ እርስዎ በቅሎዋን» አለው። ለጥር አምስት ተቀጣጠሩ። ያን ቀን ባቄላ የለም። ካርታው እየታደለ ሁለቱም የገቡበት እጅ ላይ፣ ያሸነፈው ሁሉንም ይወስዳል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እንዲህ ሳይገናኙ ከቀሩ ጨዋታው ፈረሰ፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ወዳጆ እጁን ዘርግቶ መታለት። ቃሉን ሰጠ።

ገባህ? እሱ በመጀመሪያው እጅ ነው የሚገባው። የኮከቤ በቅሎ በመጀመሪያው እጅ ነው የምትሄደው፤ ሰርጉ አሥራ አራት ቀን ሲቀረው። ግራዝማች መኳንንት ያለ በቅሎዋ ልጄን አላጋባም እንደሚሉ ለማወቅ ሟርተኛ አያሻም። ኮከቤ ምንም አልሰማችም፤ ቀሚሷን እየጠለፈች ትዘፍናለች። ዘፈኗ ከቤት ያስወጣኛል።

ፈጥነህ ጻፍልኝ።

እህትህ አስካለ ማርያም

አሰላ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለ ማርያም

ልመጣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ የፈተና ሰሞን ነው ብለው ከለከሉኝ። ለሰርጉም መድረሴ አጠራጣሪ ነው፤ ለኮከቤ ራሴ እስክጽፍላት አትንገሪያት።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። «ሸሸሁ» የኔ ቃል ነው። ፈረንጆቹ ካርታ ሲጥሉ «አጠፍሁ» እንደማለት ነው የሚሉት፤ እሱ በአማርኛ አልጥም ስላለኝ በክረምት ለሳቅ ብዬ «ሸሸሁ» አልሁት። ተገኘ ወደደው፣ ሁላችሁም ሳቃችሁ። ለማን እንደማስተምር አላሰብሁም። ሕፃናትን ቃል ምረጡ እያልሁ የምገርፍ ሰው ነኝ።

ካርታዋን አቃጥያት። ምክንያት አትስጪ፣ እሳት ውስጥ ወደቀች በይ። ወይም ለግራዝማች መኳንንት ሰው ላኪና ነገሩን አስቀድመው ይስሙት። ከሁለቱ አንዱን አድርጊ፣ እባክሽ። ሲያሸንፉ ሳይሆን ሲጥሉ ባያቸው ደስታዬ ነበር። ግን ሸሸሁ የሚል ጋሼ ወዳጆ እኔም በሐሳቤ ሊመጣልኝ አልቻለም።

ወንድምሽ መርስዔ ኃዘን

መሐል ሜዳ፣ ጥር ፩ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኃዘን

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። ጾሙን እንደምን ፈታህ? ዶሮ የሚሠራልህ ሰው አገኘህ ወይስ የሰው ቤት ወጥ ነው?

ካርታዋን አቃጥያት ላልኸኝ፣ አፈወርቅ የራሱ አለው፤ በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ለግራዝማች ሰው ላኪ ላልኸኝ ደግሞ፣ ባሌን ለአማቾቹ የማሳጣ ሴት አደረግኸኝ? ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። የገዛ ቃልህ መሆኑን ስትነግረኝ ተናድጄ ደብዳቤህን ምሶሶ ላይ ሰካሁት። ሳልፍ ሳገድም አየሁት። ቃል ነው፣ ቃል ነው፣ ሰው ያመጣው ቃል ነው እያልሁ ስንት ቀን ዋልሁ።

እንግዲህ ስማ። የልደት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የጋራ ሣራችን የጓሳ ነገር ተነሣ። ጓሳ ከተዘጋ አምስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያስገባ የለም። የቤት ክዳን ያለቀባቸው ሰዎች ተነሥተው «ዘንድሮ ይከፈትልን፣ ዝናብ እላያችን ላይ ነው» ብለው ለመኑ። አንጀት የሚበላ ልመና ነበር። ወዳጆ ተነሣ፤ ዘንጉን መሬት ላይ ተከለና፣ «ሣሩ ገና ነው። አሁን ብንከፍተው አንድ ክረምት ጠግበን ዐሥር ዓመት እናፍራለን። አባቶቻችን ዘግተው አቆዩልን፤ እኛም ዘግተናል!» አለ። ሽማግሌው ሁሉ «ዘግተናል!» ብሎ ተቀበለው። ደረቱ እንዲህ ነፋ ብሎ ነበር። የኛም ጣራ እኮ ያፈሳል!

እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ሳቅ አመለጠኝ። የትምወርቅ ጎኔን ወግታ «ምን ሆነሻል፣ ሰው ያይሻል» አለችኝ። ምን እንደሆንሁ እንዴት ልንገራት?

ወዲያው ተገኘን ፍለጋ ሄድሁ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሙክት ሲበልት አገኘሁት።

«ተገኘ ልጄ፣ ነገ ካርታ ስትጥል ሸሸሁ አትበል» አልሁት።

«ታዲያ ምን ልበል እትዬ?»

«ዘጋሁ በል።»

«ለምን?»

«በዓል ነው። ለበረከት።»

ቢላዋውን ይዞ አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ የገባው መሰለኝ፣ ጥርሱን ሳይገልጥ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ለበዓሉ ብለው ተቀመጡ። እኔ ደጅና ጓዳ እመላለሳለሁ። ተገኘ ካርታውን ጣለና «ዘጋሁ» አለ።

አፈወርቅ፣ «ምኑን ነው የዘጋኸው?»

«ጓሳን» አለ ተገኘ። ሁለቱ ሳቁ። ወዳጆ ግን አልሳቀም። ካርታውን አነሣ፣ አየው። መርስዔ ሙት፣ ሲያየው አየሁት! አንድ በአንድ፣ ማሳ እንደሚዞር ሰው አየው። ከዚያ ምን የሚያህል ድምፅ አውጥቶ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ «ዘጋሁ!» አለ። ጀበናውን ጥዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቁጭ አልሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ቁጭ አልሁ። ያን ቀን ከአምስት እጅ ሦስቱን ዘጋ። ሦስቱን! ያንተን ያህል ባይሆንም።

ብቻ ያ በባቄላ ነው። የፊታችን እሑድ በበቅሎዋ ነው። አንድ ቀን ሙሉ መዝጋት ይችል ይሆን? ጓሳን የዘጉት ብዙ ሆነው ነው፤ እሱ ብቻውን ነው። ጸልይልኝ፤ ቁማርን ለመዝጋት ይጸለያል ወይ ብለህ ቄስ እንዳትጠይቅ።

እህትህ አስካለ ማርያም

መሐል ሜዳ፣ ጥር ፮ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኃዘን

በቅሎዋ ከበረቷ ናት። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንደ ተሠቃየሁት እንዳትሠቃይ።

ትናንት ምንም አላየሁም። ወዳጆ «ከጀርባዬ አትቁሚ» ብሎኝ ከጓዳ ሆኜ በጆሮዬ ብቻ ነው የዋልሁት። ተገኘ እያደለ፣ ሁለቱ ተፋጠው። ከምሳ ጀምሮ «ዘጋሁ» ሲል እቆጥር ነበር፤ ሃያ ሰባት ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። አፈወርቅ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ።

«አቶ ወዳጆ፣ ምነው ዛሬ በሩ ሁሉ ተከረቸመ? ቁልፉ ከወይዘሮ አስካለ ጋ ነው እንዴ?»

«ቁልፉ ከአባቶቼ ጋ ነው። አንተ፣ ተገኘ፣ ስጥ!»

«ይህ እኮ መሸሽ ነው የሚባለው።»

«ጓሳን ማን ሸሸ ይለዋል? ስጥ ብዬሃለሁ!»

ግድግዳው ላይ ያለችው ጨረር ወደ ጣራው ስትወጣ እያየሁ ነበር። የቀረው አንድ እጅ ቢሆን ነው። ታደለ። አፈወርቅ «ገብቻለሁ» አለ፣ ድምፁ ለስልሶ። ያ ለስላሳ ድምፅ አስፈራኝ። ተራው የወዳጆ ሆነ። ተገኘ እንኳ ማሳሉን ተወ። ወዳጆ ይህን ያህል ሲዘገይ ከተጋባን አላውቅም። መጋረጃውን ይዤ ነበር፣ ጣቶቼን እስከ አሁን ያመኛል።

«ዘጋሁ» አለ። ቀስ ብሎ፤ ለራሱ እንደሚናገር።

ፀሐይዋ ጠለቀች። አፈወርቅ ጠላውን ሳይጨርስ፣ የያዘውን ካርታ ከተቀረው ጋር ደባልቆ ወርውሮ ሄደ። ተገኘም ተከተለው። ወዳጆ በቅሎዋን ሊያይ ወጣ። እኔ አጎዛውን ላራግፍ ገባሁ። ወዳጆ በተቀመጠበት፣ ከጉልበቱ ሥር፣ አምስቱ የመጨረሻ ካርታዎች እንደ ተደፉ ቀርተው ነበር። ገለበጥኋቸው። ሁለቱ ተራ ናቸው። ሦስቱ አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

ባለአንድ ከሁሉ ይበልጣል ብለኸኝ የለም? ሦስት ከመጣ በሬም ያስይዛል ብለኸኝ የለም? ወይስ እኔ ነኝ በትክክል ያላነበብሁት? ቶሎ መልስልኝ። እሱን አልጠየቅሁትም፤ እንዳየሁም አያውቅም።

እህትህ አስካለ ማርያም

አሰላ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

እትዬ አስካለ፣

የሚወርድ ሰው ስላገኘሁ በችኮላ ነው። በትክክል ነው ያነበብሽው። ሦስት ባለአንድ! እኔ ይህን ጨዋታ ካወቅሁ ጀምሮ በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ ሰው ሲጥለውም ሰምቼ አላውቅም። ከመቶ ጊዜ ዘጠናውን ያሸንፉ ነበር። አሥራ አንዱ በጎች እኮ በራቸው ላይ ቆመው ነበር! ደስ ብሎኛል፣ ተናድጃለሁም፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ጋሼ ወዳጆን ጠይቂያቸው። ባለአንዷ ታናሽ መስላቸው ከሆነ ጥፋቱ የኔ ማስተማር ነው፤ ይንገሩኝ።

ለኮከቤ ይህን የብር ሐብል ስጪልኝ።

ወንድምሽ መርስዔ ኃዘን

መሐል ሜዳ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርስዔ ኃዘን

ሰርጉ በሰላም አለፈ። ለሙክት የሚሆን በግ ስላልነበረን የወዳጆ ወንድሞች አመጡልን፤ እስካሁን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ኮከቤ ሐብልህን አድርጋ፣ በቅሎዋ ላይ ሆና ወደ ራቤል ወረደች። ግራዝማች መኳንንት በቅሎዋን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረው አይተው «ቃል ማለት ይህ ነው» አሉ። ወዳጆ መሬት መሬት አየ።

ጠየቅሁት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ዳስ ሲያፈርስ።

«ባለአንዷ ታናሽ መስላህ ነው?» አልሁት።

«የትኛዋ?»

«አትደብቀኝ፣ አይቻቸዋለሁ። ሦስቱንም።»

ምሰሶውን ይዞ ቆመ። «ከሁሉ እንደምትበልጥማ አውቃለሁ» አለ። «መርስዔ ጽፎት የለ። ካርታው የኔ ነበር፣ አስካለ። በቅሎዋ ግን የኮከቤ ናት። በሽማግሌ ፊት ሰጥቻታለሁ። በራሴ ካርታ የሰው በቅሎ ይዤ እንዴት እገባለሁ?»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ተቀመጥህ?»

«ቃል ሰጥቼ ነበራ! መቀመጡን ሰጠሁ፣ ተቀመጥሁ» አለና ምሰሶውን ነቀለው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣውም። እሑድ እሑድ ተኝቶ ይውላል፤ እንቅልፉም ደኅና ነው።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ባቆመው ለሁላችንም ጥሩ ነበር። ግን አንተ ወንድሜ ነህ፤ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

ያን ቀን ካርታዎቹን ገልብጬ ሳይ ልቤ ምን እንዳለ ታውቃለህ? እንኳን በቅሎዋ ተረፈች አላለም። «ግባ!» ነው ያለው። ባዶ ቤት ውስጥ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ሦስቱን በእጄ ይዤ «ግባ፣ ግባ እንጂ!» እያልሁ ነበር፤ የልጄን በቅሎ ይዤ። እኔ ብሆን እገባ ነበር፣ መርስዔ። ሳልመክር፣ ሳላስብ። ሰውን ዝጋ ዝጋ እያልሁ ሁለት ወር ያባዘንሁት እኔ።

ከዚያ ወዲህ አልተረጋጋሁም። ጸጉር ስፈትል አፈወርቅ ምን ይዞ ነበር እላለሁ። ሊጥ ሳቦካ ያ ለስላሳ ድምፁ ትዝ ይለኛል። ጥንድ ነበር ያለው? ሦስት ንጉሥ? ምንም ሳይኖረው አስፈራርቶን ይሆን? ቅዳሜ ዕለት፣ አታፍርብኝና፣ ከበግ ተራው ሄጄ ጠየቅሁት። አሥራ አንዱንም በግ ሸጦ ጨርሷል። ሳቀብኝና፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ይህን ለማየት እኮ መግባት ያስፈልጋል» አለኝ። አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎም፣ «እሑድ ቤት ነኝ፤ ሴትም አልከለክል» አለ። ሰድቤው ሄድሁ። ስሰድበው ግን እግሬ ወዲያው አልሄደም።

ካርታዋን ለተገኘ ሰጥቼው፣ ለበሽተኞቹ መጫወቻ ያድርጋት ብዬዋለሁ። በክረምት ስትመጣ ናፍቆትህን፣ ወሬህን፣ ከፈለግህም የአሰላ ማር ይዘህ ና። ሌላ ካርታ ግን ወደዚህ ቤት እንዳታመጣ። ለወዳጆ ፈርቼ አይደለም።

እህትህ አስካለ ማርያም